ከወንድሜ ጥግ የቆምኩ ዕለት

ወንድሜ ወዚር ሮቤ ከተማ ውስጥ በአንድ የእህል መጋዘን ኩንታል ተሸካሚ ነበር። መቶ ኪሎ ስንዴ ብቻውን ከመኪና አውርዶ ሲቆልል ያየ ሁሉ «ይህን ሰው ማን ይችለዋል?» ይላል። እሱም አመነ። በ1974 ዓ.ም. ጎባ ላይ የቦክስ ግጥሚያ ሲዘጋጅ ስሙን አስመዘገበና ከአንድ ቀጭን ጸሐፊ ጋር ተገጠመ። በመጀመሪያው ዙር እንደ ኮርማ ተወረወረበት። በሁለተኛው ክንዱን ማንሳት አቅቶት ገመድ ተደግፎ ቀረ።

ሲወርድ አንድ የሚያነክሱ ሰው ጠበቁት። አስር አለቃ በየነ ይባላሉ፤ ጦር ሠራዊት ውስጥ ቦክስ ያሠለጥኑ የነበሩ፣ ኦጋዴን ላይ ጉልበታቸው ተመትቶ ጎባ መዝገብ ቤት የገቡ ሰው ናቸው።

«ጉልበት አለህ፤ ትንፋሽ የለህም» አሉት። «ስድስት ወር ከታዘዝከኝ ቦክሰኛ አደርግሃለሁ።»

እኔ ጁሀራ ታላቅ እህቱ ነኝ። ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ጨርቅ እየቸረቸርኩ እኖር ነበር። ልምምዱ ሮቤ በኔ ጓሮ ሆነ፤ አስር አለቃም ከጎባ ይመላለሱ ጀመር። የእጅ ሰዓት ስለነበረኝ ዙር መቁጠሩም ለኔ ተሰጠ፤ ሦስት ደቂቃ ሥራ፣ አንድ ደቂቃ እረፍት።

ወዚር በመጀመሪያው ቀን ጆንያ የሚደበድብ መስሎት ነበር። አስር አለቃ ግን ሁለት ወር ሙሉ ጓንት አላስነኩትም። ጠዋት ጠዋት በጎባ መንገድ ያስሮጡታል፤ ያውም ቀስ ብሎ።

«እየሮጥክ ማውራት ካቃተህ ፈጥነሃል ማለት ነው። መጀመሪያ ትንፋሽህ ይርዘም፤ ፍጥነቱ በኋላ ይመጣል።»

ኩንታል የበዛበት ቀን ደግሞ ጭራሽ አያሠሩትም። «ዛሬ ወገብህ ሥራውን ሠርቷል። በልተህ ተኛ፤ ሰውነት የሚጠነክረው ሲያርፍ ነው።»

አላስቻለውም። አንድ ቀን እሳቸው በሌሉበት ጆንያ አሸዋ ሞልቶ ሰቀለና ደበደበው። የእጁ አንጓ አበጠ፤ ሦስት ሳምንት ኩንታልም ቦክስም ቀረ። አስር አለቃ አልተቆጡም። አሸዋውን አስደፉና የገብስ ገለባና ከሱቄ የተረፈ ቁራጭ ጨርቅ አስሞሉበት። እጁ ሲድን አቡጀዲድ በረጅሙ አስቀድደውኝ እጁ ላይ እንዴት እንደሚጠመጠም አሳዩኝ።

«አንጓው ከክንድህ ጋር ቀጥ ይበል። አውራ ጣትህን ከውጭ አድርግ። ስትመታ ተንፍስ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ እጁን አትዪ፤ አፉንና ትከሻውን እዪ። የደከመ ሰው መጀመሪያ አፉን ይከፍታል፣ ቀጥሎ ትከሻው ወደ ጆሮው ይወጣል፣ መጨረሻ ላይ እጁ ይወርዳል።»

ይህን ስድስት ወር አየሁ። ጎረቤት «ባሏ የሞተባት ሴት ጓሮ ውስጥ ዱላ ታስተምራለች» ብሎ አማኝ።

ሁለተኛው ግጥሚያ ደረሰ። የወዚር ተጋጣሚ ከጊኒር የመጣው ጉቱ ነበር፤ እስከዚያ ቀን ማንም አላሸነፈውም። ጎባ ስንደርስ አስር አለቃ የሉም። ለሥራ አጋርፋ ተልከው ዝናቡ መንገዱን አጨቅይቶት መኪናቸው ተይዟል አሉን። የወዚር ፊት ተለዋወጠ።

«ጥግህ ላይ እኔ እቆምልሃለሁ» አልኩት።

ሻሼን አጥብቄ ባልዲና ፎጣ ይዤ ወደ መድረኩ ጥግ ስሄድ የውድድሩ ኃላፊ አቶ ገብረወልድ አስቆሙኝ።

«እህቴ፣ ይሄ የሴት ቦታ አይደለም።»

«ደንቡ ላይ ተጽፏል?»

ወረቀታቸውን አወጡ። አገላብጠው ሁለት ጊዜ አነበቡት። «አልተጻፈም፤ ግን…»

«በየስብሰባው ሴት ከወንድ እኩል ናት ስትሉን ፊት ለፊት ተቀምጬ ሳጨበጭብ ነበር። ዛሬ ቀረ እንዴ ጌታው?»

ሕዝቡ ሳቀ። ወዚርም ከመድረኩ ሆኖ «እሷ ካልቆመች አልጋጠምም» አለ። አቶ ገብረወልድ ወረቀታቸውን አጥፈው ዞር አሉልኝ።

በመጀመሪያው ዙር ወንድሜ የተማረውን ሁሉ ረሳ። ዘሎ ገባ፤ ጉቱም አፍንጫውን አደማው። ሲመለስ አስቀመጥኩት፣ ደሙን ጠረግሁ፣ አፉን በትንሽ ውሃ አስጉመጠመጥኩት።

«ስማኝ። ጉቱ ካሁኑ በአፉ ነው የሚተነፍሰው። ቀኝ እጁ በሰነዘረ ቁጥር ዘግይቶ ነው የሚመለሰው። አንተ ሱታ! ቀስ ብለህ ዙረው፤ ይሰንዝርና ይድከም።»

«ትከሻዬስ?»

«ወጥቷል። ዝቅ አድርገው።»

ዝቅ አደረገው። ሁለተኛውን ዙር በሙሉ ወዚር በእግሩ ሠራ። ጉቱ ይሰነዝራል፣ አየር ይመታል። ከሮቤ የመጡት ተሸካሚዎች «ጃባዹ ወዚር!» እያሉ በርታ ይሉታል። በሦስተኛው ዙር የጉቱ ትከሻ ከጆሮው ገጠመ፤ ቀጥሎም እጁ ወረደ። «አሁን!» ብዬ ጮህኩ። ወዚር ሁለቴ ጎኑን፣ አንዴ አገጩን አገኘው። ጉቱ አልወደቀም፣ ጀግና ነው፤ ግን ደወሉ እስኪደወል ወደ ኋላ ከማፈግፈግ በቀር ምንም አላደረገም።

ከሦስቱ ዳኞች ሁለቱ ለወዚር ሰጡ። አልሐምዱሊላህ አልኩ። ወንድሜ የራሱን እጅ ሳያነሣ የኔን እጅ ይዞ ወደ ላይ አነሣው። ሥራ ያጠቆረው የመበለት እጅ ጎባ ሜዳ መሐል ከሰው ሁሉ ራስ በላይ ታየ፤ የዚያን ዕለት ኩራት እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም።

አስር አለቃ በማግስቱ ጭቃቸውን ሳያራግፉ ሮቤ መጡ። ወዚርን እንኳን ደስ ያለህ ብለው ሳሙትና ከኔ አጠገብ ተቀመጡ። «በይ ንገሪኝ፤ ከመጀመሪያው ዙር ጀምሪ» አሉኝ። ነገርኳቸው። ስጨርስ፣ ከሮቤ ሌሎች አራት ልጆች ሊመዘገቡ እንደመጡ ነግረውኝ፣ «ጠዋት ጠዋት የምታሠሪያቸው አንቺ ነሽ። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ መጥቼ አያለሁ» አሉኝ።