ዲዋ አትነበብም

ፀጉር አስተካካዩ ረቡዕ ረቡዕ ከሰዓት ቤቱን ዘግቶ፣ ምላጭና ሳሙናውን በፎጣ ጠቅልሎ፣ የድሮ የእንግሊዝኛ አስተማሪውን ጢም ሊላጭ ይሄዳል። ቲቸር ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈሶ ከወደቁ ዓመት አልፏቸዋል፤ አንደበታቸው ተሳስሯል። ልጃቸው እንኳ ስሟን ከአፋቸው ከሰማች ቆየች። አንድ ነገር ብቻ ቀርቷቸው ነበር፤ ስህተት ሲሰሙ አያስችላቸውም።

ይህን ያገኘው እሱ ነው። አንድ ቀን ሳሙና እየቀባቸው በእንግሊዝኛ ረቡዕ ለማለት ፈልጎ፣ አፉን አዳልጦት "ዛሬ ዌድነስዴይ አይደል?" ቢል ሽማግሌው አፈጠጡበት።

"ዌንዝዴይ! ዲዋ አትነበብም፣ አንተ ደንቆሮ!"

ልጃቸው የያዘችውን ሳህን ጥላ እየሮጠች መጣች። እሰይ! እንዲህ ያለ ስድብ የት ይገኛል? ሁለቱም እየሳቁ አለቀሱ።

ሞት ይርሳኝ፣ ቃሉን እኮ አሳምሮ ያውቀዋል። ስድስተኛ ክፍል እያለ ተሳስቶ ቢያነበው ቲቸር ሰሌዳው ፊት አቁመው አርባ ጊዜ አስብለውታል። ልጆቹ "ዌድነስ" ብለው ስም አወጡለት፤ ይኸው ፀጉሩ ሸብቶም ሰፈሩ የሚጠራው በዚያው ነው። ከዚያች የስድብ ቀን ወዲህ ግን በየሳምንቱ እያወቀ ይሳሳታል፣ ይሰደባል፣ ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ባለፈው ረቡዕ ልጃቸው በር ላይ ጠበቀችው።

"አባባ ከትናንት ጀምሮ እንደ እንግዳ ያዩኛል" አለችው። "እባክህ ወንድሜ፣ አናድልኝ።"

ገብቶ ሳሙናውን ቀባቸው።

"ቲቸር፣ ዛሬ ዌድነስዴይ ነው አይደል?"

ቲቸር ግድግዳውን ያያሉ። ምላጩን አስቀመጠና ድምፁን ከፍ አደረገ።

"ዌድ... ነስ... ዴይ!"

ቀስ ብለው ዞሩ። ፈገግ አሉለት፤ ተማሪ ሳለ አንድም ቀን ፈገግ ብለውለት አያውቁም።

"ዌድነስዴይ" አሉ፣ ተከትለው። ከዚያ ልክ ይሁኑ አይሁኑ እንዲነግራቸው ዓይን ዓይኑን ያዩት ጀመር።

ልጃቸው ፊቷን በመዳፏ ሸፈነች። ዌድነስ ጎንበስ ብሎ አያቸው። አርባ ጊዜ ያስባሉት ቃል ምላሱ ላይ ነበር፤ ግን እሳቸውን በየት አፉ ያርማቸው?

"ጎበዝ ቲቸር" አላቸው። "ልክ ነው።"

ሳሙናው ደርቆ ስለነበር እንደገና ቀብቶ ጢማቸውን ላጫቸው።