ጥቁር ልብስ ወይም የአገር ልብስ

በሞላሌ ዙሪያ ደብዳቤ የደረሰው ሰው ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል። መሪጌታ ሀብተ ማርያም ያነበበው ስሕተት የለበትም ይባል ነበር፤ እኔም፣ ምን እዋሻለሁ፣ ይህን ስሰማ ደስ ይለኛል። በሃምሳ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ በግንቦት፣ እመት ፋንታዬ የጥሪ ካርድ ይዘው ደጄ ቆሙ። ብቸኛ ልጃቸው ሰናይት አዲስ አበባ ነርስነት ትማራለች። በዐቢይ ጾም «አሞኝ ተኝቻለሁ» ብላ ጽፋ፣ ከዚያ ወዲህ ድምፅዋ ጠፍቶ ነበር።

ካርዱ እንዲህ ይላል፦ «ልጅዎ ሰናይት ገብረ ሥላሴ በምትሰናበትበት ሥነ ሥርዓት ላይ ጥቁር ልብስ ወይም የአገር ልብስ ለብሰው እንዲገኙልን በአክብሮት እንጠይቃለን።»

ስንብት! ጥቁር ልብስ! እኛ አገር ጥቁር መቼ እንደሚለበስ ሕፃንም ያውቀዋል።

«ምን ይላል የኔታ?»

«ይጠሩዎታል» አልኩ። «የአገር ልብስ ይልበሱ ይላል።»

መርዶ ወግ አለው፤ በማለዳ፣ ዘመድ ባለበት ነው የሚነገረው። እናትን ብቻዋን አቁሜ ልጅሽ ሞተች አልልም። ከተማ ያለው ዘመድ ሲሰበሰብ ይነገራቸዋል ብዬ ዋጥኩት። አብሬያቸውም ልሄድ ተነሣሁ። በጭቃ የተነከረ የሐዘን ኩታዬን ለበስኩና በላዩ ጥቁሩን በርኖሴን ደረብኩ። በርኖስ መንዝ ውስጥ ማንም የሚለብሰው ስለሆነ አይጠረጥሩም ብዬ ነው።

እስከ ጣርማ በር በበቅሎ፣ ከዚያ በአውቶቡስ ሄድን። በሥነ ሥርዓቱ ቀን ጠዋት እመት ፋንታዬ ካደርንበት አልጋ ቤት ሲወጡ ዓይኔን ማመን አቃተኝ። በልጄ ሰርግ እለብሰዋለሁ ብለው አሸምነው በሣጥን ያኖሩትን ባለጥበብ ቀሚስ ለብሰዋል። ነጠላቸውም አዲስ ነው። ምስኪን፣ ደስ ብሏቸዋል አልኩና ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ።

አዳራሹ በር ላይ የቆመው ወጣት ካርዱን አየና እየሣቀ፣ «አንዱ ጥቁር፣ አንዷ የአገር ልብስ! ካርዱን እንደናንተ በደንብ ያነበበ የለም!» ብሎ ፊት ለፊት አስቀመጠን።

ውስጡ ያለው ወንድ ሁሉ ከከረባቱ እስከ ጫማው ጥቁር ነው። ይህ ሁሉ ሰው ለአንዲት የመንዝ ልጅ! ግን አንድም የሚያለቅስ የለም። የከተማ ሰው ልቡ እንዴት ቢደነድን ነው ብዬ ተናደድኩ።

ያን ጊዜ ሙዚቃ ተመታ። የጎን በር ተከፈተና ሴቶች ልጆች በነጭ የአገር ልብስ ተሰልፈው ገቡ። ሦስተኛዋ ሰናይት ነበረች።

በእግሯ ትሄዳለች። ትሥቃለች። ስለ አልዓዛር ስንት ዓመት ሙሉ አስተምሬያለሁ፤ መቃብሩ አጠገብ የቆሙት ሰዎች ምን እንደተሰማቸው ግን ያን ቀን ገና ገባኝ። ደስታ እንዲህ እንደሚያስፈራ አላውቅም ነበር። በአፌ ላይ የመጣው «እግዚኦ» ብቻ ነው።

እመት ፋንታዬ እልል አላሉም። ቀስ ብለው ተነሡ፣ በዚያ ሁሉ ባለሱፍ ፊት ተንበርክከው ወለሉን ሳሙ። ተመልሰው አጠገቤ ተቀመጡ።

«ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው በሹክሹክታ። «ካርዱ የምርቃት ኖሯል። እኔ ግን ሞታለች ብዬ... ደብቄዎት ነው።»

«አውቃለሁ የኔታ። ጣርማ በር ላይ ነፋሱ በርኖስዎን ሲገልበው የሐዘን ኩታዎን አየሁ።»

«ታዲያ ይህን ቀሚስ ለምን ለበሱት?»

ዓይናቸውን ከልጃቸው ላይ አላነሡም።

«ለሰርጓ ካልታደልኩ፣ የሰርጓን ልብስ ለብሼ ልሸኛት ብዬ ነዋ።»

ከጣርማ በር ጀምሮ እኔ ከእሳቸው ስደብቅ፣ እሳቸው ደግሞ ከእኔ ደብቀው፣ በመንገድ ሁሉ ዘወር እያሉ «የኔታ፣ ደከመዎት?» ይሉኝ ነበር።