ጭብጨባው ተይዟል

1.

አጨብጭቡ።

አሁኑኑ። «ገና ምን አየንና?» አትበሉ። መጽሐፉን ጭናችሁ ላይ አስቀምጡና ሁለቱን እጆቻችሁን አጋጩ። ፈገግታም አይጥፋ።

አንዴ ደግሞ፣ ፊታችሁን ወደ ግራ አዙራችሁ።

ጥሩ። ያዝነው። ሲያስፈልገን ቆርጠን እንቀጥለዋለን።

2.

የበዓል ዝግጅት የሚቀረጸው እንዲህ ነው። በአዲስ ዓመት ዋዜማ ሶፋችሁ ላይ ተንጋላችሁ የምታዩት ያ ነጭ በነጭ የለበሰ ሕዝብ፣ ያ ሳቅ፣ ያ «እንኳን አደረሳችሁ» ሁሉ የነሐሴ ነው። ያውም የነሐሴ መባቻ። ያውም በፍልሰታ ጾም፣ ዝናቡ የአዳራሹን ቆርቆሮ ሲነርተው። አደይ አበባ ገና ከመሬት ስላልወጣ መድረኩ ላይ የቆመው ፕላስቲክ ነው። ከዝናቡ ጋር የመጣች አንዲት ንብ ሁለት ጊዜ ዞረችው፤ ተሳድባ ሄደች።

3.

ተመልካቾቹ ፊት የተደረደረው፦

ድፎ ዳቦ። እውነተኛ። መቁረስ ክልክል።

ጠጅ በብርሌ። ሻይ ነው።

ዶሮ ወጥ። ሽሮ ነው፤ እንቁላሉ ድንች ነው። ከሩቅ ግን ያስጎመጃል።

እትዬ አዋጋሽ። እውነተኛ ናቸው።

4.

እትዬ አዋጋሽ የሰፈሩ ሴቶች እድር ሊቀመንበር ናቸው። «ተመልካች ይፈለጋል» ሲባሉ እድርተኛውን በሙሉ አውቶቡስ ላይ ጭነው ያመጡት እሳቸው ናቸው። የዝግጅቱ አዘጋጅ ደግሞ ናሆም ይባላል፤ ቲያትር የተማረ፣ ፀጉሩን ከኋላው ያሠረ፣ ጆሮው ላይ የሰካትን ማዳመጫ ለምሳ እንኳን የማያወልቅ ወጣት።

«እማማ፣ አሁን አጠገብዎ ያሉትን ሴትዮ ያጉርሷቸው።»

«ምኑን?»

«ዶሮውን። ፈገግ እያሉ።»

«በፍልሰታ?»

«ሽሮ እኮ ነው እማማ። ደግሞ አሁን በዓል ነው።»

«የት ነው በዓል? ለማን ነው በዓል?»

«ለካሜራው።»

እትዬ አዋጋሽ ካሜራውን ከእግር እስከ ራሱ አዩት። ከዚያ ጉርሻውን አድቦልቡለው ወደ እሱ ዘረጉ።

«በል እንካ፣ አፍህን ክፈት።»

5.

ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ይህን የሰማችው ትርንጎ ሳቋን በነጠላዋ አፈነችው። ሳቁ ግን ደረቷ ላይ አልቆየም።

ትርንጎ በከተማው የኪነት ቡድን ውስጥ ከልጅነቷ ጀምራ እስክስታ መቺ ናት። ቦታዋ የፊተኛው ረድፍ መሐል ነው። ገጠር ሄደው ሲያሳዩ ሕዝቡ የቡድኑን ስም አይጠራም፤ «ያቺ ትከሻዋ አጥንት የሌለው መጣች ወይ?» ነው የሚለው። ዘንድሮ ናሆም መጣና «አዲስ ፊት ያስፈልገናል» አለ። ትርንጎ አርባን ተሻግራለች። ፊቷ ደግሞ፣ እንግዲህ፣ ያው የራሷ ፊት ነው።

ስለዚህ የዛሬው ቀረጻ ፈተናዋ ነው። ካማረ፣ መሐል ቦታዋ ላይ ትቆያለች። ካላማረ፣ ቦታው የወጣቷ ረድኤት ይሆንና ትርንጎ የአልባሳት ክፍሉን ቁልፍ ትረከባለች። ቁልፉ ከአሁኑ ናሆም ጠረጴዛ ላይ በቀይ ክር ታስሮ ተቀምጧል።

«ልምድሽን እንጠቀምበት ብለን ነው» አላት።*

6.

* «ልምድሽን እንጠቀምበት»፦ በመሥሪያ ቤት አማርኛ፣ «ከዓይናችን ዞር በይ፤ ደግሞ አታኩርፊ።»

7.

የጠዋቱ ቀረጻ፣ እንደወረደ፦

ናሆም፦ አሁን የክብር እንግዳው ንግግር አድርገው ጨርሰዋል እንበል። አጨብጭቡ!

(ያጨበጭባሉ።)

ናሆም፦ አሁን ደግሞ ውዝዋዜው አልቋል። አጨብጭቡ! ደመቅ!

(ያንኑ ያጨበጭባሉ።)

ናሆም፦ አሁን ኮሜዲያኑ ቀልዷል። ሳቁ!

እትዬ አዋጋሽ፦ ቀልዱ የታል?

ናሆም፦ ቀልዱ ከሰዓት ነው የሚመጣው እማማ።

(ይስቃሉ። በዚህኛው እውነት ሳቁ።)

8.

ከዚያ የድምፅ ባለሙያው ከሽቦዎቹ መሐል ብቅ አለና ሕግ አወጣ። የቡድኑ ማሲንቆ መቺ የጋሽ ውብሸት ማሲንቆ ድምፅዋ ቀጭን ነው፤ የሕዝብ እጅ ከገባበት ይውጣታል። ስለዚህ ውዝዋዜው ሲቀረጽ የሚያጨበጭብ እንዳይኖር። እልል የሚል እንዳይኖር። የሚያስል ካለ ከወዲሁ ይሳል።

«ሲያልቅስ እናጨብጭብ?» አሉ እትዬ አዋጋሽ።

«አያስፈልግም» አለ ናሆም። «ጭብጨባው ተይዟል።»

9.

ቀረጻ አንድ።

ማሲንቆዋ ጀመረች። ትርንጎ በፕላስተር የተለጠፈላት የመስቀል ምልክት ላይ ቆማ ትከሻዋን ለቀቀችው።

ዝም።

አንገቷን ሰበቀች።

ዝም።

በሕይወቷ እንዲህ ያለ ዝምታ ውስጥ ጨፍራ አታውቅም። ትከሻ ይሄዳል፣ እጅ ይቀበለዋል፤ እጅ ሲያደምቀው ትከሻው ይጨምራል፤ የሚሠራው እንደዚያ ነው። አሁን ግን የወረወረችው ሁሉ ጉድጓድ ውስጥ እንደተጣለ ድንጋይ ድምፁ አልመለስ አለ። የእድሩ ሴቶች በነጫጭ ልብሳቸው ተደርድረው፣ እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ቀብረው፣ እንደ ፎቶ ያዩዋታል። ወዲያው የማታውቀው ነገር መጣባት፦ ማሰብ። «አሁን ግራ፣ አሁን ቀኝ» ማለት ጀመረች። ትከሻ ደግሞ ሲያስቡበት የተቆለፈ በር ይሆናል።

«አቁሙ» አለ ናሆም።

10.

«ምን ሆነሻል?»

«ዝም አሉኝ እኮ።»

«ዝም ያሰኘኋቸው እኔ ነኝ።»

«እሱን ነው የምልህ።»

«ትርንጎ፣ ባለሙያ ማለት እኮ በዝምታም…»

«አንተ ልጅ፣ ለቅሶ ቤት እንኳን ሙሾ አውራጇ ተቀባይ አላት!»

ናሆም ሰዓቱን አየ። ጣሪያውን አየ። የጠረጴዛውን ቁልፍም ሳያይ አላለፈም።

«አንድ ዕድል» አለ። «ከዚያ ረድኤት ትገባለች።»

11.

ረድኤት ቀድሞ አለባበሷን ጨርሳ መጋረጃው ሥር ቆማለች። ወደ ትርንጎ መጥታ የላላውን መቀነቷን ታጠብቅላት ጀመር።

«ደስ አለሽ አይደል?» አለቻት ትርንጎ፣ ቀና ሳትል።

«ምኑ?»

«ቦታው።»

«የዝምታውን ቦታ ነው?» ረድኤት መቀነቱን ሳብ አደረገችው። «ትርንጎዬ፣ አንቺ እንዲህ ከሆንሽበት እኔማ ራሴን ስቼ ነው የምወድቀው። በእናትሽ አንድ ነገር አድርጊ።»

«ምን ላድርግ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ትልቋ አንቺ!»

12.

ለአንባቢ አንድ ጥያቄ። እስክስታ የያዘች ሴት ከመሐል ወጥታ ፊታችሁ መጥታ ትከሻዋን ብታወርድባችሁ ምን ታደርጋላችሁ?

ሀ. ስልኬን አያለሁ።

ለ. «እኔ አልችልም» ብዬ አጠገቤ ያለውን እገፋለሁ።

ሐ.

ሐ ባዶ የሆነው ሁላችሁም ስለምታውቁት ነው። ሠርግ ላይ ያልደረሰበት የለም። ፊቱ ቆመው የወረዱለት ሰው ቁጭ ብሎ ካየ፣ ጭፈራ እንዳየ ሳይሆን ዘመድ መጥቶ በር እንደዘጋበት ሰው ይቆጠራል። ጠላት እንኳን ቢሆን ይነሣል። ተነሥቶ ይጣላል እንጂ ቁጭ ብሎ አይጣላም።

ትርንጎም ይህን አሰበች። በዚያን ቀን በትክክለኛው ሰዓት ያሰበችው እሱን ብቻ ነው።

13.

ቀረጻ ሁለት። ከማዳመጫዎቹ፦

ካሜራ ሁለት፦ ከምልክቷ ወጣች።

ናሆም፦ የት ገባች?

ካሜራ ሁለት፦ ወረደች።

ናሆም፦ የት ነው የወረደችው?

ካሜራ ሁለት፦ ወደ ዶሮው።

14.

ጋሽ ውብሸት ይህችን ልጅ ለዘመናት ሲያስጨፍራት የኖረ ሰው ነው፤ የት እንደምትሄድ ከጀርባዋ ያውቃል። ከበርጩማው ተነሣ። ማይክራፎኑን እዚያው ትቶ፣ ማሲንቆውን ደረቱ ላይ አስደግፎ ተከተላት። ዝግጅቱ ላይ ያልተያዘ ግጥምም ለቀቀ፦

ጭብጨባውን ይዘው ሣጥን ውስጥ ቆለፉ፣
ትከሻ ምን ያርግ እጆች ከሰነፉ?

ከኋላ ወንበር አንዲት ሴት አፏን በእጇ ያዘች።

15.

ትርንጎ እትዬ አዋጋሽ ፊት ቆመች። በጠረጴዛው ማዶ፣ በሽሮው ዶሮና በሻዩ ጠጅ ላይ አሻግራ፣ ቀኝ ትከሻዋን አንድ ጊዜ፣ በቀስታ፣ ሰላምታ እንደሚሰጥ ሰው ነቀነቀችው።

«ልጄ፣ አታስፈጂኝ» አሉ እትዬ አዋጋሽ በሹክሹክታ። «ተይዟል ብለዋል።»

ግራ ትከሻ።

«ሥራ አበላሻችሁ ብለው እድሩን ያባርሩብኛል።»

ሁለቱም። ደግሞ ዝቅ አለች። አንገቷ ወደ ፊት ተሰበቀና «እንዴት ነዎት?» ብሎ ተመለሰ።

እትዬ አዋጋሽ ናሆምን አዩት። ካሜራውን አዩት። የራሳቸውን እጆች አዩ።

«ቆይ እንጂ» አሉ ጮክ ብለው፣ «እጁ የኔ አይደለም እንዴ?»

16.

ጧ።

17.

ከዚያ ጧ ጧ። ከዚያ የእድሩ ሴቶች በሙሉ፣ ከጠዋት ጀምሮ ነጠላ ውስጥ ታፍኖ የዋለ እጅ ሁሉ፣ ግድቡን እንደጣሰ ውኃ ወጣ። ወንበር ወደቀ። ብርሌ ወደቀ፤ ሻይ እንደነበር ተረጋገጠ። እልልታው ቆርቆሮውን ከውስጥ ሲመታው ዝናቡ እንኳን ያፈረ ይመስል ቀስ አለ።

የትርንጎ ትከሻ ግን! ማን ሊናገረው ይችላል? እንደ ማሽላ በንፋስ ተርገፈገፈ፣ ቆመ፣ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ሲውጥ አንዲት ጅማት ብቻ ጥቅስ አደረገች፣ እንደገና ፈነዳ። ግራና ቀኝ የለም። ማሰብ የለም። ዕድሜም የለም፤ ወይም አለ፣ ግን እሱም አብሮ ይጨፍራል። እትዬ አዋጋሽ ጠረጴዛውን ዞረው መጡ። አንዷን ትከሻቸውን ሰጧት። የቀረችው ጊዜዋን ጠብቃ ራሷ መጣች።

«እንዲያ ነው እንጂ! ትከሻሽ ይባረክ ትርንጎ! አንጀቴን አራስሽው!»

መጋረጃው ሥር ረድኤት እያለቀሰች ታጨበጭባለች።

18.

ከማዳመጫዎቹ፦

የድምፅ ባለሙያው፦ ማሲንቆው ጠፋ! ጠፋ እኮ ነው የምለው!

ናሆም፦ አቁሙ!

ካሜራ ሁለት፦ አይቻልም።

ናሆም፦ ለምን አይቻልም?

ካሜራ ሁለት፦ እጄ አልታዘዝ አለኝ።

(ዝምታ። ማለት ማዳመጫው ውስጥ።)

ካሜራ ሁለት፦ አለቃ፣ ትከሻህ እየተንቀሳቀሰ ነው።

ናሆም፦ የኔ? የትኛው?

ካሜራ ሁለት፦ ግራው።

19.

ቁልፉን በማግሥቱ ከጠረጴዛው ላይ ያየው ሰው የለም። ናሆም ራሱ የአልባሳት ክፍሉን ከፍቶ፣ ለትርንጎ አዲስ ቀሚስ አውጥቶ፣ «መሐል ለሚቆም ሰው ይኼ ይሻላል» አለና ሳያያት ሄደ። ለተማረ ሰው ትልቅ ንግግር ነው።

20.

ታሪኩ እዚህ ላይ በደንብ ያልቅ ነበር። ነገር ግን አርትዖት የሚባል ነገር አለ።

አርታኢው ቁጭ ብሎ ሲያየው፣ የክብር እንግዳው ንግግር መጨረሻ ላይ የጠዋቱ ጭብጨባ የሬሳ ሆነበት። ትልቅ ሰው ደግሞ በቀዝቃዛ ጭብጨባ አይሸኝም። ስለዚህ ከውዝዋዜው ማብቂያ ላይ ያንን የደመቀውን ቆረጠና አመጣው።

በዋዜማው ማታ ከተማው በሙሉ ያየው እንግዲህ ይህን ነው፦

የክብር እንግዳው፦ «…በያዝነው የበጀት ዓመትም የዘርፉን እንቅስቃሴ በተቀናጀ መልኩ አጠናክረን እንቀጥላለን። አመሰግናለሁ።»

(አዳራሹ በአንድ እግሩ ይቆማል። ወንበር ይወድቃል። እልልታ። አንዲት አሮጊት ትከሻቸውን እየሰበቁ ካሜራው ፊት ያልፋሉ።)

የአሮጊቷ ድምፅ፦ «ትከሻሽ ይባረክ ትርንጎ! አንጀቴን አራስሽው!»

ከተማው በሳቅ ተንፈራፈረ። በማግሥቱ እንኳን አደረሰህ ያለው ሰው ሁሉ «በተቀናጀ መልኩ!» ይልና ትከሻውን ይነቀንቃል። ትርንጎ ለበዓል ቅቤ ልትገዛ ብትወጣ ገበያው በሙሉ ወረደላት፤ ቅቤ ሻጯም ጭምር። የክብር እንግዳው ደግሞ በጣም መደሰታቸው ተሰማ። «ትርንጎ የምትባለዋ የዕቅድ ክፍል ባልደረባ ትመስገን» አሉ ይባላል።

21.

ግን ከእሷ ውዝዋዜ በኋላስ?

ዋዜማውን ትርንጎ ቤት ተሰብስበው ነበር፤ ረድኤት፣ ጋሽ ውብሸት፣ እትዬ አዋጋሽ። ፊልሙ ላይ ትርንጎ የመጨረሻዋን ትከሻ ጥላ ቆመች። የደመቀው ጭብጨባ ወደ ንግግሩ ስለሄደ አርታኢው እዚህ ባዶ ቦታ ቀርቶበታል፤ የጠዋቱን ለጠፈበት። ቁጭ ያሉ ሴቶች፣ ፊታቸውን ወደ ግራ አዙረው፣ ምንም ላላዩት ነገር ያጨበጭባሉ።

«ይቺ እኔ አይደለሁም» አሉ እትዬ አዋጋሽ ማያ ገጹ ላይ ያለችውን ራሳቸውን እያዩ። «ይቺ የምታጨበጭበው ለምሳዋ ነው።»

ትርንጎ ሳቀች። የእውነተኛው ዶሮ ወጥ ሽታ ከጓዳ ገባ።

22.

በቁጥር 1 የያዝነውን ጭብጨባችሁን አሁን አወጣሁት። አየሁት። አይሆንም። ቁጭ ብላችኋል፤ ደግሞ ያኔ ማንንም አታውቁም ነበር። መልሼላችኋለሁ።

ትርንጎ ከምልክቷ ወጥታለች። በዚህ ገጽ ማዶ፣ ፊታችሁ ቆማለች። ጋሽ ውብሸት ከኋላዋ ነው። ቀኝ ትከሻዋ አንድ ጊዜ፣ በቀስታ፣ ተነቀነቀ።

23.



(                                        )