በከንፈር የተያዘ ስፒል

ሚጡ አዳራሹ መሐል ቆማ «እኛ የመጣነው ል... ል...» አለችና ቃሉ ጉሮሮዋ ላይ ተሰንቅሮ ቀረ። በሁለት ረድፍ የተቀመጡት አረጋውያን ቀና ብለው ያዩዋታል። አስተርጓሚው እጆቹን አጣምሮ ይጠብቃል። የኋላ ወንበር ላይ የተቀመጡት አያቷ ግን መጠበቅ የሚባል ነገር አልፈጠረባቸውም።

«ልናገለግላችሁ ነው የመጣነው ልትል ነው» አሉ ብድግ ብለው።

አስተርጓሚው ይህንኑ በአገሩ ቋንቋ መለሰው። አረጋውያኑ በትሕትና አጨበጨቡ። ሚጡ አንገቷን ደፍታ ተቀመጠች። እሷ ልትል የፈለገችው «ልንጠይቃችሁ» ነበር፤ ግን ማን ሰምቷት።

ሚጡ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቢሞላትም ለአያቷ ያው ሚጡ ናት። አራት ዓመቷ ላይ እናቷ ስትሞት እሳቸው እጅ ወደቀች፤ አፏ መያዝ የጀመረውም ያኔ ነው። አያቷ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ሰፈሩ እማማ መርፌ ይላቸዋል። የተቀደደ ነገር ካዩ እጃቸው አያርፍም። የልጅቱንም ንግግር እንደዚያው በተቀደደበት ሁሉ እየደረሱ ሲጥፉት አሥራ አምስት ዓመት ሆናቸው። ሱቅ ሲልኳት በመስኮት ብቅ ብለው ባለሱቁን «ሳሙና ነው» ይሉታል። ትምህርት ቤት ስም ሲጠራ ልጆች እንደሳቁባት የሰሙ ዕለት ደግሞ ክፍል ድረስ ገብተው «አቤት» ብለውላት ወጡ። ልጆቹ ያንን ዓመት ሙሉ ሳቁበት፤ ይህን ግን ሚጡ አልነገረቻቸውም።

የቤተ ክርስቲያናቸው ወጣቶች ድንበር ተሻግረው አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ አሥራ ሁለት ቀን ሊያገለግሉ ሲነሡ፣ ሚጡ ማንንም ሳታማክር ስሟን አስመዘገበች። እማማ መርፌ ሦስት ቀን እንቅልፍ በዓይናቸው አልዞረም። ውሃው ባይስማማትስ? ብትጠፋስ? ጠፍታ መንገድ ልትጠይቅ ስትል አፏ ቢያዝስ? በአራተኛው ቀን ጉዞውን የሚመራው ወንጌላዊ ቢሮ ሄዱና መኖሪያው መጋረጃ የሚሰፋለት ሰው ያስፈልገው እንደሆነ ጠየቁ። ያስፈልገው ነበር። በስድሳ ስምንት ዓመታቸው የመጀመሪያውን ፓስፖርት አወጡ። ሻንጣቸው ውስጥ ሁለት ብርድ ልብስ፣ የሆድ መድኃኒትና በክር የታሰረ ፊሽካ ከተቱ። ፊሽካው ለሚጡ አንገት ነው፤ አፏ እንኳ ቢያዝ ፊሽካ አይያዝም ብለው።

መኖሪያው ስምንት ክፍል አለው። ወጣቶቹ ግድግዳ ይቀባሉ፣ አንሶላ ያጥባሉ፣ ከአረጋውያኑ ጋር ይጸልያሉ። ለእማማ መርፌ በእግር የምትረገጥ አሮጌ የስፌት መኪና ተሰጥታቸው መጋረጃ ሲሰፉ ይውላሉ። መሐል መሐል እየተነሡ ሚጡን በየክፍሉ ይፈልጓታል፤ ቀለሙ ራስ ምታት አልለቀቀባትም? ምሳዋን በላች? አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኟት አራተኛው ክፍል ነው። እዚያ አንድ ሽማግሌ አናጢ ተኝተዋል። ግማሽ አካላቸው አይታዘዝላቸውም፤ ምላሳቸውም ከብዷል። አፋቸውን ከፈት ሲያደርጉ አስታማሚዎቹ ውሃ ያመጣሉ፤ እሳቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ። እማማ መርፌም ሁለቴ ውሃ ሰጥተዋቸው፣ ብርድ እንዳይመታቸው መስኮቱን ዘግተው ወጥተዋል።

በአምስተኛው ቀን ወንጌላዊው ደስ እያለው መጣ። በስንብቱ ጉባኤ ላይ ምስክርነት የምትሰጠው ሚጡ መሆኗን ነገራቸው። የእማማ መርፌ እግር መኪናዋ ላይ ቆመ።

«ይቺ ልጅ? በሰው አገር፣ በሰው ፊት?»

«እሷው ናት የጠየቀችኝ፣ እማማ።»

«ልጅ ምን የማይጠይቀው አለ። አንተ የልጆች አባት አይደለህም እንዴ? ቃል ሲይዛት ዓይኗ እንዴት እንደሚሆን እኔ ነኝ የማውቀው። ስለ እናቷ ነፍስ ብለህ ተዋት። የሚባለውን እኔ እልላታለሁ።»

ወንጌላዊው ትልቅ ሰው የሚያከብር ነው። አገጩን አሸት አሸት አደረገና «እሺ፣ ላስብበት» ብሏቸው ወጣ። እማማ መርፌ «እሺ»ዋን ብቻ ይዘው ቀሩ።

በማግስቱ ጠዋት ሚጡ ስፌት ክፍሉ በር ላይ ቆመች። ዓይኗ ቀልቷል።

«ለ... ለም...»

«ለወንጌላዊው ነግሬዋለሁ፣ አዎ። ለአንቺው ብዬ ነው።»

«እማዬ፣ ል... ልጨርስ።»

እንዲህ ብላቸው አታውቅም።

«ለምን ታ... ታሳፍሪኛለሽ ነው የምለው። ሰው ሲስቅብኝ ለምጄዋለሁ። የማፍረው አንቺ ስት... ስትጨርሺልኝ ነው። የምለው ነገር የ... የሌለኝ ይመስላል።»

ፊሽካውን ከአንገቷ አውጥታ መኪናዋ ላይ አስቀመጠችና ሄደች። በር እንኳ አላጋጨችም። ብታጋጭ ይሻላቸው ነበር፤ ስድ ብለው ይቆጡ ነበር። እንዲሁ ወደ ስፌታቸው ተመለሱ። የእናቷን ሞት ያላየ፣ ሌሊት ሌሊት እየደነበረች ስትነሣ ደረቱ ላይ ያላስተኛት ሰው ምን ያውቃል እያሉ አንድ መጋረጃ ጨረሱ። አንሥተው ሲያዩት ጠርዙን ወደ ውጭ አጥፈው ሰፍተውታል። አርባ ዓመት ሙሉ እንዲህ ያለ ስሕተት ሠርተው አያውቁም። ተቀምጠው ከዳር እስከ ዳር ተረተሩት።

ከሰዓት በኋላ የተስተካከለውን መጋረጃ በክንዳቸው ይዘው ወደ አራተኛው ክፍል ሄዱ። በሩ ገርበብ ብሏል። ሚጡ አናጢው ራስጌ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ሽማግሌው አፋቸውን ከፈቱ፤ አንድ ድምፅ ወጣ፤ ቆመ። ላብ ግንባራቸው ላይ ችፍ አለ። ውሃ ነው፣ ውሃ ስጪያቸው እንጂ የሚለው በእማማ መርፌ ምላስ ጫፍ ላይ ደረሰ። ልጅቱ ግን አልተንቀሳቀሰችም። የሰውየውን ቋንቋ ስለማታውቅ ልትገምትላቸው አትችልም፤ ብታውቅም የምትገምትላቸው አትመስልም። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ጊዜ ሞልቶ እንደተረፈው ሰው ዓይናቸውን እያየች ተቀምጣለች። ሌላ ድምፅ ወጣ። ደግሞ ቆመ። ኮሪደሩ ላይ ቀለም የሚቀባው አስተርጓሚ ብሩሹን ባልዲው ውስጥ ሲነክር ይሰማል። በመጨረሻ ቃሉ ሙሉ ሆኖ ወጣ።

ሚጡ አስተርጓሚውን በእጇ ጠራችው። ሽማግሌው እንደገና፣ ቀስ እያሉ፣ ተናገሩ። እሱም ጎንበስ ብሎ ጠበቀ።

«አልጋዬን ወደ መስኮቱ አዙሩልኝ ነው የሚሉት» አለ ቀና ብሎ። «የዚህን ቤት መስኮቶች በሙሉ የሠሩት እሳቸው ናቸው። ሁለት ዓመት ግድግዳ ሳይ ኖርኩ ይላሉ።»

ሁለቱ አልጋውን ገፍተው አዞሩት። ሚጡ መስኮቱን ከፈተች። አናጢው ደህና እጃቸውን ዘርግተው የእንጨቱን ጠርዝ ዳበሱት። ሚጡ ሳቀች፤ እሳቸውም በአንድ ጎን ፊታቸው ሳቁ።

እማማ መርፌ ይህን ሁሉ በሩ ላይ ቆመው አዩ። ሰው ሁሉ ስንት ኩባያ ውሃ አጠጥቷቸው ይሆን፣ በሁለት ዓመት። መጋረጃውን ሳይሰቅሉ መልሰው ይዘውት ወደ ወንጌላዊው ሄዱ።

«ያን ያልኩህን ተወው፣ ልጄ። ትናገር።»

«ድሮም አልሰረዝኩትም፣ እማማ። ላስብበት ነው ያልኩት። ለእሷም አያትሽ እንዲህ ብለዋል ብዬ ሐሳቧን ብጠይቃት፣ ራሴ አናግራታለሁ አለችኝ።»

«አናግራኛለች» አሉ እማማ መርፌ። ቀና ብለው አላዩትም።

የስንብቱ ዕለት አውቶቡሱ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። እማማ መርፌ የመጨረሻውን መጋረጃ አዳራሹ ኋላ ይዘው ገቡ፤ ሳይሄዱ ጠርዙን ማጠፍ አለባቸው። አናጢው በዊልቼር ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ሚጡ ተነሣች።

«አራት ዓመቴ ላይ እናቴ ሞተች» አለች። አስተርጓሚው ተረጎመ። እሱ ሲናገር እሷ ትንፋሿን ትሰበስባለች። እማማ መርፌ ይህን ያዩት አሁን ነው።

«ከዚያ ጀምሮ ቃል ይ... ይይዘኛል። አያቴ አሳደገችኝ። ሌሊት ስፈራ ደረቷ ላይ ታስተኛኝ ነበር።»

እማማ መርፌ ዓይናቸውን ወደ ጨርቁ መለሱ።

«እግዚአብሔርን ምላሴን ፍ... ፍታልኝ ብዬ ብዙ ለምኜዋለሁ። እስካሁን አልፈታልኝም። ግን እዚህ መጥቼ ከእናንተ ያገኘሁት ት... ት...»

ቆመ። አገጯ ወደ ላይ ሳብ ሳብ አለ፤ ዓይኗ ያ የሚያውቁት ዓይን ሆነ። አስተርጓሚው እጁን አጣምሮ ይጠብቃል። ከቡድኑ ወጣቶች ሁለቱ እንደለመዱት ወደ ኋላ ዞረው አያትየውን አዩ።

እማማ መርፌ ጋ ቃል ሞልቷል። ትዕግሥት ይሆናል። ትምህርት ይሆናል። ወይ ትልቅ ደስታ ልትል ነው። ሦስቱም አፋቸው ላይ ተሰልፈው ቆመዋል፤ ወገባቸውም ከወንበሩ ሊነሣ ጀምሯል።

መልሰው ተቀመጡ። ክንዳቸው ላይ ካሰሯት ትንሽ ትራስ አንድ ስፒል ነቅለው ከንፈራቸው መሐል ያዙ። ሁለተኛውን ጨመሩ። ሦስተኛውንም። ከዚያ ጨርቁን ጉልበታቸው ላይ ተዉትና፣ እንደ ሌላው ሰው፣ ልጅቱ እስክትጨርስ መጠበቅ ጀመሩ።