በኮረብታው ወጥተን በወንዙ ተመለስን

በአትላስ ተራሮች ሥር ባለው ሸለቋችን ለሠርግ እንግዶችን የሚጠራ ሰው በሄደበት መንገድ አይመለስም። በኮረብታዎቹ ይወጣል፣ በየመንደሩ አንድ እፍኝ ተምር ያስጨብጣል፣ ከዚያ ወንዙን ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል። አባቴ በሕይወት ስለሌለ ለእኔ ሠርግ ሰው ለመጥራት የወጣነው እኔና የእናቴ ወንድም ሃዱ ነበርን። ተምሩን የተሸከመችው በቅሎ ከፊታችን ትሄዳለች።

ሃዱ ዝም ማለት አያውቅም። ገና የመጀመሪያውን ዳገት ሳንጨርስ ጀመረኝ።

«ባሱ፣ በየቤቱ እኔው ለፍልፌ ልጨርሰው ነው? ቢያንስ ‹ኑልኝ› በል።»

«አንተ ትሻላለህ።»

«ሙሽራው እኔ ነኝ እንዴ? ለጫጉላውም እንዳትጠራኝ።»

ፊቴ ጋለ። መሬት መሬት እያየሁ ወጣሁ።

በየቤቱ ሻይ በናና፣ የገብስ ዳቦ በቅቤ አቀረቡልን። ሴቶቹ እኔን እያዩ ይስቃሉ። አንዷ፣ «ቱዳን የሚያገባት ይኼ ነው? እሷ እኮ ፍየል ስትጠራ ማዶ ኮረብታ ድረስ ይሰማል። ይኼስ እቤት ውስጥ መኖሩ በምን ይታወቃል?» አለች። ሃዱ ሆዱን ይዞ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እውነቷን ነው። ወደ ምንጩ በሚወስደው መንገድ ቱዳ ታወራለች፣ እኔ እሰማለሁ፤ ፍቅራችን ይኸው ነበር። «ሽማግሌ የምትልከው ስሸብት ነው?» ያለችኝም እሷ ናት።

ጠዋት ስንነሳ አንድ ነገር ብቻ አደራ ብላን ነበር፤ «ሁሉንም ብትረሱ ኢቶን እንዳትረሱ።»

ኢቶ የቱዳ የጡት እናት ናት። የቱዳ እናት በወሊድ ስትሞት፣ ሕፃኗን አጥብታ ያሳደገቻት እሷ ነበረች። በኋላ ከባሏ ጋር ወደ ወንዙ ዳርቻ ወርዳ እዚያው ቀረች። እኔ አይቻት አላውቅም።

ቁልቁለቱን ጨርሰን ቤቷ ስንደርስ ፀሐይ አዘቅዝቃ ነበር። ደጃፏ ላይ የበግ ጠጉር ስታባዝት አገኘናት። የቱዳን ስም ስትሰማ ሥራዋን ጥላ ተነሳች። ተምሩን በሁለት እጇ ተቀብላ ሳመችው።

«ልጄ ልትዳር ነው? አንተስ የማን ልጅ ነህ፣ ዓይን አፋሩ?»

«የእህቴ የኢዛ ልጅ ነው» አለ ሃዱ ቀድሞኝ።

«የትኛዋ ኢዛ? ላይኛው ግጦሽ ላይ፣ ድንኳን ውስጥ በትኩሳት ወድቃ የነበረችው?»

«እሷው። አልሃምዱሊላህ ተርፋለች። ዛሬ እኔን የምትቆጣበት ጉልበት አላት።»

ኢቶ አልሳቀችም። ተመልሳ ተቀመጠች።

«ያን ጊዜ የነበረው ሕፃን ይኼ ነው?»

«ሌላ መቼ ወለደች?»

ከዚያ እኔን እያየች ተናገረች።

«በዚያው ሳምንት የራሴን ልጅ ቀብሬ ነበር። ጡቴ ሞልቶ ያመኛል። አያትህ ሲመሽ አንተን ታቅፋ ወደ ድንኳኔ መጣች። እናትህ ራሷን አታውቅም፤ አንተም ከማልቀስ ብዛት ድምፅህ ጠፍቷል። እስኪነጋ አጠባሁህ። አያትህ ‹ልጄን ሌላ ሴት አጠባችብኝ ብላ ታዝናለችና ኢዛ እንዳትሰማ› አለችኝ። እኔም ለማንም አልተናገርኩም። ቱዳን የሰጡኝ ከዚያ በኋላ ነው።»

በሃይማኖታችን ከአንድ ጡት የጠቡ ወንድምና እህት ናቸው፤ አይጋቡም። አንድ ሌሊትም ቢሆን፣ አንድ ጉንጭም ቢሆን ያው ነው። ስንተጫጭ ሼሁ እናቴን፣ «ልጅሽን ሌላ ሴት አጥብታዋለች?» ብለው ጠይቀዋት ነበር። «ከእኔ በቀር ማንም አላጠባውም» ብላ ማለች። አልዋሸችም። አያቴ ምስጢሩን ይዛው ሞታለች።

«አርጅተሻል፣ እማማ ኢቶ» አለ ሃዱ። ድምፁ ተለውጧል። «ሌላ ልጅ ይሆናል።»

«ሃዱ፣ የምነግርህ ልጄን የቀበርኩበትን ሳምንት ነው።»

ስንለያይ ግንባሬን ሳመችኝ። «እኔ የማንንም በር አላንኳኳም። የምታደርገውን አንተ ታውቃለህ» አለችኝ።

በወንዙ ዳር ወደ ላይ ተጓዝን። በረዶው እየቀለጠ ስለነበር ውሃው ደፍርሷል።

«የምናውቀው ሦስታችን ብቻ ነን» አለ ሃዱ። «እሷ ከቤቷ አትወጣም። እግሯን አሟታል ብለን ለቱዳ እንነግራታለን። ማን ያውቃል?»

«አንተ።»

«እኔ ምን እሆናለሁ?»

«ቤቴ መጥተህ ልጆቼን ስታቅፍ ታውቃለህ።»

ሃዱ የበቅሎዋን ልጓም ይዞ ቀደመኝ። ከዚያ ወዲያ እስከ መንደራችን ድረስ አንድ ቃል አልወጣውም።

ከመንደራችን በታች ቱዳ ለአዲሱ ቤታችን የሠራችውን ምንጣፍ ወንዝ ውስጥ ታጥባለች። ስታየን በእርጥብ እጇ ሻሿን ወደ ጸጉሯ ሳበች። እኛ ዘንድ ሴት ባዕድ ወንድ ፊት ጸጉሯን ትሸፍናለች፤ እጮኛም እስከ ሠርጉ ባዕድ ነው። ከወንድሟ ፊት ግን አትሸፍንም። ሃዱ ቀና ብሎ ሳያያት በቅሎዋን ይዞ አለፈ።

«ምነው አጎትህ? ዛሬ ምላሱን ጅብ በላው?» አለች እየሳቀች። «ኢቶ ትመጣለች?»

«ቱዳ፣ ቁጭ በይ።»

«ሞተች እንዴ?»

«አልሞተችም።»

ነገርኳት። ያን ያህል ሳላቋርጥ ተናግሬ አላውቅም፤ እሷም ያን ያህል ዝም ብላ ሰምታ አታውቅም። ውሃው የምንጣፉን ጫፍ ይዞ ይጎትት ነበር። አንዳችንም አልያዝነውም።

«ዝም ማለት ትችል ነበር እኮ» አለች በመጨረሻ።

«እችል ነበር።»

«ዝም በማለትስ ማን ይችልሃል።» ልትስቅ ሞከረች፤ አልሆነላትም።

ነፋሱ ሻሿን ትከሻዋ ላይ ጣለው። እጇ እንደ ልማዱ ወደ ላይ ተነሳ፤ መሃል ላይ ቆመ። ከዚያ መልሳ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ጸጉሯን ሳትሸፍን ፊት ለፊቴ ተቀምጣ አለቀሰች።