የጠዋት እግር

የጓንጉል ቀኝ እግር የራሱ ቀን ነበረው። ጎህ ሲቀድ በድን ነው፤ ቢቆነጥጡት አይሰማውም፣ ቆዳው አመድ ይመስላል። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ግን ሞቅ ይልና ጣቶቹ ትንሽ ቀላ ይላሉ። ጋፋት ያለውን ማሳ በስልሳ ዓመቱም ራሱ ጠምዶ የሚያርስ ሰው ነውና፣ ተስፋውን ሁሉ በዚህ የከሰዓት እግር ላይ ጥሎ ነበር።

የስኳር በሽታው የእግሩን ስሜት እንደገደለው፣ የደም ሥሩም እንደጠበበ፣ መቆረጥም እንደማይቀርለት ሐኪሞች ነግረውታል። ደብረ ታቦር፣ የሚስቱ የጥሩወርቅ እህት ቤት አርፎ፣ ሳምንቱን ሙሉ ጠዋትና ማታ ሐኪም ቤት ተመላለሰ። ነርሷ ሕይወት የእግሩ አውራ ጣት ላይ ትንሽ መብራት ትለጥፋለች፤ መሣሪያው በቆዳው ውስጥ የሚያልፈውን ደም ሲለካ እሷ ትመዘግባለች።

«የማታው ጥሩ ነው አይደል ልጄ?» አላት ረቡዕ።

«ከጠዋቱ ይሻላል። በማንም ሰው ቆዳ የሚያልፈው ደም ከሰዓት ወደ ሰዓት ይለያያል። የእርስዎ ግን ሁለቱም ዝቅ ያለ ነው አባቴ። ነገ ጠዋት ሐኪሙ አይቶ ይወስናል።»

«ጣቴን ብቻ ነው የሚቆርጠው ወይስ እግሬን?»

«እሱን ሐኪሙ ነው የሚያውቀው።»

ጓንጉል ሌላውን ሁሉ ትቶ «ነገ ጠዋት» የምትለዋን ይዞ ወጣ። ሐኪሙ የሚያየው ክፉውን እግር ነው ማለት ነው። የባላጋራው ምስክር ብቻ ተሰምቶ ሊፈረድበት የተቃረበ ያህል ተሰማው።

ሐሙስ ማለዳ ጥሩወርቅን ለወገብ ሕመም እንደሚደረገው ድንጋይ እንድታሞቅለት ጠየቃት።

«እግር ነው ወይስ ገብስ የምቆላው?» አለች እየሳቀች።

«አንች አሙቂው ብቻ።»

ድንጋዩን በጨርቅ ጠቅልላ በመዳፏ ለካችው። አርባ ዓመት እሳት የለመደ እጅ ነው፤ ለብ ያለ መሰላት። ከውስጥ እግሩ ሥር አደረገችለት።

«ተሰማህ?»

«ገና ነው፣ ጨምሪ። ሲሰማኝ እነግርሻለሁ።»

ሦስት ጊዜ ቀየረችለት። አልነገራትም። ጣቶቹ ሲቀሉ አይቶ ግን ፊቱ በራ፤ ባጃጅ ይዘው ሄዱ።

ሕይወት መብራቱን ለጠፈች። ቁጥሩ ከማታውም በልጦ ወጣ። ጓንጉል ሚስቱን ጠቀሳት። ሕይወት ግን ግራ ገብቷት እግሩን ቀና አድርጋ አየች። ውስጥ እግሩ ከተረከዙ ጀምሮ ውኃ ቋጥሮ ተልጧል።

«ምን አደረጉት አባቴ?»

«ደሙ እንዲመጣ አሞቅነው።»

እሷ ወጥታ ሐኪሙን ጠራች። የነገረው ሐኪሙ ነው፣ ወንበር ስቦ አጠገቡ ተቀምጦ። ሙቀቱ የነበረችውን ጥቂት ደም ቀስቅሷት ነው እንጂ ከላይ የሚወርድ አዲስ ደም የለም። እንዲህ ያለውን ቁስል የሚያድን ደም እዚያ እግር ውስጥ የለም። ትናንት ቢሆን ጣቷን መቁረጥ ይበቃ ነበር፤ አሁን የሚቆረጠው ከጉልበት በታች ነው።

ጥሩወርቅ አፏን በነጠላዋ ይዛ ቀረች። ጓንጉል ወደ እሷ ዞሮ፣

«በሬዎቹን ለጎረቤታችን ለይሻው ስጭው» አላት። «ማሳውን በእኩል ይረሰው፤ ምርቱን እንካፈላለን።»

«ይሻው በሬ ይደበድባል እኮ!»

«አውቃለሁ» አለ። «ሰኔ ገብቷል። ሌላ ማን አለ?»