የእትዬ ሃሎ ኮዳ

ኑ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። አንቺ ከበሩ ሥር ተነሺ፣ ነፋስ ይመታሻል። እዚያ ወንበር ላይ የምትቀመጡ ግን መጀመሪያ በእጃችሁ ዳበስ አድርጉት፤ የልብስ ሰፊ ቤት ወንበር መርፌ አያጣም። ተቀመጣችሁ? እንግዲህ የእህቴን ኮዳ ነገር ላጫውታችሁ።

እህቴ ታናሼ ናት። ሠላሳ ዓመት የስልክ ኦፕሬተር ሆና ሠራች። ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ፣ ፊት ለፊቷ የገመድ ሰሌዳ፣ አፏ ላይ «ሃሎ፣ መስመር ላይ ይጠብቁ!»። ጡረታ ከወጣች በኋላ እንኳ በር ሲንኳኳ «ሃሎ!» ነው የምትለው። ሰፈሩ ሁሉ እትዬ ሃሎ ይላታል። እኔም ታላቋ ሆኜ አልፎ አልፎ ያመልጠኛል።

ባሏ ልብስ ሰፊ ነው። አርባ ዓመት ሰፍቷል። ደንበኛውን መስታወት ፊት ያቆማል፣ ትከሻውን መታ መታ ያደርግና፣ ሰውየው አፉን ሳይከፍት «ልክ ነው!» ይላል። ጠበበኝ ቢሉት «ልክ ነው»፤ ረዘመብኝ ቢሉት «ልክ ነው»። አቶ ልክነው ተብሎ ቀረ። እውነቱን ለመናገር አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነው። ችግሩ፣ እሱም ይህን ማወቁ ነው።

አንድ ጊዜ እህቴን የኩላሊት ጠጠር አመማት። ሐኪሙ «ሁለት ነገር ነው የማዝዝልዎት» አላት፤ «ይራመዱ፣ ውሃ ይጠጡ። ውሃውን ደግሞ ጥቂት ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ። እስኪጠማዎት አይጠብቁ።» እሷም ቅዳሜ ቅዳሜ ኮረብታ ከሚወጡ ጡረተኞች ጋር ተቀላቀለች። መሪያቸው የድሮ ስፖርት አስተማሪ ነው፤ ፊሽካው ከአንገቱ ወርዶ አያውቅም።

ኮረብታው አናት ላይ የስልክ ማማ ቆሟል። ይህን ያዙልኝ ልጆቼ። እህቴ ያገናኘችው ድምፅ ሁሉ፣ ወለድኩ ያለው፣ ታረቅን ያለው፣ ገንዘብ ላክልኝ ያለው፣ በዚያ ማማ በኩል ነው ያለፈው። እሷ ግን በመስኮት ከሩቅ ከማየት በቀር ቀርባው አታውቅም። «በእጄ ሳልነካውማ አልቀርም» አለች። ታዲያ ጥበቃው አጥሩን ለተራማጆች የሚከፍተው ረፋድ እስከ አራት ሰዓት ብቻ ነው። ከማማው በታች ባለው የመጨረሻ መታጠፊያ ላይ አንድ ትልቅ ቋጥኝ አለ። አስተማሪው ለአራት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ፊሽካውን ይነፋል፤ ቋጥኙን ያላለፈ ሰው ወደ ታች ይመለሳል።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ኮዳዋን ከጀርባ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ቦርሳ ማውረድ፣ ዚፕ መክፈት፣ ሹራብ ማውጣት፣ ኮዳ መፈለግ፣ ሁለቴ ጎንጨት ማለት፣ ሹራብ መመለስ፣ ዚፕ መዝጋት። ያን ቀን ኮረብታ አልወጣችም፤ ዚፕ ስትከፍትና ስትዘጋ ነው የዋለችው። ፊሽካው ሲነፋ ገና መሃል ላይ ነበረች።

«በእጅሽ አትይዢውም ነበር?» አልኳት።

«በእጄ ይዤው ድንጋዩን በጥርሴ ልጨብጥ?»

አቶ ልክነው ከስፌት መኪናው ቀና አለ። «እኔ እያለሁ? አምጪልኝ ደንበኛውን!» ኮዳውን መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ አቁሞ ሜትሩን ጠመጠመበት። «ወገብ ሃያ ሁለት። ቁመት ሃያ አራት። ትከሻ... ትከሻ የለውም።»

«ክራቫት አትርሳለት» አልኩ።

«እትዬ፣ ሥራ ላይ ነኝ!»

ከግራጫ የሱፍ ሱሪ በተረፈ ጨርቅ፣ ገበር ያለው፣ አራት ቁልፍ የተደረደረበት፣ ረጅም ማንገቻ ያለው ማህደር ሰፋለት። ሠርግ የተጠራ ኮዳ ነው የሚመስለው። እህቴን መስታወት ፊት አቆማት። «ቀጥ በዪ። እጅ ወደ ታች። ልክ ነው!»

«አዎ፣ ግን...»

«ልክ ነው አልኩሽ!»

በሁለተኛው ቅዳሜ የሆነውን ልንገራችሁ። መንገዱ ዳገት መሆን ሲጀምር ኮዳው በማንገቻው ይወዛወዝ ጀመር። በእያንዳንዱ እርምጃ ጭኗን ጓ! ድንጋይ ልትይዝ ጎንበስ ስትል ደግሞ ወደፊት ዞሮ ጉልበቷን ጓ! አስተማሪው ከላይ ሆኖ «እትዬ ሃሎ! ስልኩ እየጠራ ነው፣ አንሺው እንጂ!» ሲላት መንገዱ ሁሉ ሳቀ። ሲጠማት ደግሞ አራቱ ቁልፍ አለ። በላብ በራሰ ጣት አንዱን ስትከፍት፣ ሌላውን ስትከፍት... ፊሽካው ተነፋ። ቋጥኙ ጋ ለመድረስ አምስት እርምጃ ቀርቷት ነበር። አምስት!

ቤት ስትገባ ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም። ማህደሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ልክ ልኩን ነገረችው። አርባ ዓመት «ልክ ነው» ሲል የኖረ ሰው፣ ያን ቀን ልክ ልኩን ሰማ።

«መስታወት ፊት ልክ ነበር እኮ» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«አንተ ሰውዬ! እኔ ኮረብታ የምወጣው መስታወት ፊት ቆሜ ነው?»

እኔም አላርፍም። «ደግሞ ስትለካው ኮዳው ባዶ ነበር። ደንበኛህ ሳይበላ ነው የተለካው።»

ይስቃል ብዬ ነበር፤ አልሳቀም። መስታወቱን አተኩሮ አየው። «አርባ ዓመት የለካሁት የቆመ ሰው ነው» አለ። «ሲራመድ የለካሁት አንድም የለም።» ከዚያ ኮዳውን ውሃ ሞላና ቦርሳዋን አነሳ። «ነይ፣ ደረጃ እንውጣ።»

ሕንጻችን አራት ፎቅ ነው። እሷ ቦርሳዋን አዝላ ከፊት፣ እሱ ሜትር በአንገቱ፣ መርፌ በአፉ፣ ከኋላ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ጎረቤታችን በሯን ከፈተች።

«ጋሼ፣ ምን አድርጋ ነው የሚያሳድዷት?»

መርፌውን ከአፉ አወጣ። «እየለካኋት ነው።»

«ይህን ሁሉ ዓመት አብራችሁ ኖራችሁ ገና አሁን?»

እህቴ ሳቋ መጥቶ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። እሱ ግን አላረፈም። ኮዳውን ከጀርባዋ በኩል ያዘላት፤ እጇ አልደርስ አለ። ወገቧ ላይ አሰረው፤ ጭኗ ከፍ ባለ ቁጥር ገፋው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ማህደሩን ከቦርሳዋ ማንገቻ ጋር፣ ከፊት በኩል፣ ከትከሻዋ አጥንት ትንሽ ዝቅ አድርጎ በመርፌ ያዘው። ወጣች፤ አልተነቃነቀም። ወረደች፤ አልተነቃነቀም። «ወደ አንድ ጎን እየጎተተኝ ነው» ስትለው በሌላው ማንገቻ ላይ ሌላ እኩያ ኮዳ ከነማህደሩ ሰቀለ። የማህደሩን ቁልፎች ሁሉ በጠሰና የኮዳውን አንገትና ሆድ የሚይዝ ላስቲክ አደረገበት። ከዚያማ እጇ ወደ ደረቷ ይሄዳል፣ ኮዳውን ይስባል፣ ጎንጨት ትላለች፣ መልሳ ትሰካለች፤ እግሯ መንገዱን እንደያዘ ነው።

በሦስተኛው ቅዳሜ እሱም ተከተለ። «ለማስተካከል ነው» አለ፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ። ሁለት ኮዳ የሰቀለላት ሰውዬ ለራሱ አንድ ውሃ አልያዘም! ዕድሜውን በስፌት መኪና ላይ የፈጀ እግር መሃል መንገድ ላይ ከዳው። እህቴ ቋጥኙ ጋ ስትደርስ ከታች ሲስል ሰማችው። ዞር አለች። ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ያለከልካል። አስተማሪው ፊሽካውን ወደ አፉ እየወሰደ ነው።

ወርዳ ብታጠጣው ማማው ቀረ። ትታው እንዳትሄድ፣ ባሏ ነው። ቦርሳ ብታወርድ፣ ቁልፍ ብትፈታ ጊዜው አለቀ። እጇ ግን እንደለመደው ወደ ደረቷ ሄደ። የግራውን ኮዳ ሳብ አድርጋ ቋጥኙ ሥር አቆመችለትና ወደ ታች ጮኸች፤

«ሃሎ! አቶ ልክነው! መስመር ላይ ይጠብቁ!»

ቋጥኙን አለፈች። ፊሽካው የተነፋው ከኋላዋ ነው።

ማማው ጋ ደርሳ መዳፏን ብረቱ ላይ አሳረፈች። ቆይታ ጆሮዋንም አስጠጋች። አስተማሪው «ምን ይላል እትዬ ሃሎ?» ቢላት፣ ዓይኗ እንባ እንዳቀረረ «መስመሩ ተይዟል» አለችው።

ስትመለስ ባሏን ቋጥኙ ሥር አገኘችው፤ እንደምንም እዚያ ድረስ ወጥቶ ኮዳውን ጭልጥ አድርጎታል። ዛሬ ብትጠይቁት «ክብደቱን ልቀንስላት ብዬ ነው» ይላችኋል። ተነስቶ ባዶውን ኮዳ ቦታው መለሰ፣ ማንገቻዋን አቃና፣ ትከሻዋን መታ መታ አደረገ፣ አፉን ከፈተ። ተራማጁ ሁሉ የሚለውን ያውቀዋል፤ ሊያጅበው ተዘጋጅቷል።

«ልክ ነው?» አላት።

ጠየቃት እኮ ልጆቼ! አርባ ዓመት ሙሉ አንድ ሰው እንኳ ጠይቆ የማያውቅ ሰው።

«ቆይ፣ ልውረድበትና እነግርሃለሁ» አለችው።

እስከ ታች ድረስ ጎን ለጎን እየሄደ፣ ትከሻዋን እያየ፣ መልስ እየጠበቀ ወረደ። እኔ በሩን ስከፍትላቸው ነው ጫማዋን እያወለቀች «ልክ ነው» ያለችው። እሱ እንደ ተማሪ ሳቀ።

አሁን ሱሪ ልታሰፉ ብትመጡ መጀመሪያ ደረጃ ያስወጣችኋል፤ እንዳይገርማችሁ። እናንተም ኮረብታ የምትወጡ ቀን ኮዳችሁን ከደረታችሁ አጠገብ፣ እጃችሁ ሳይፈልግ ከሚያገኘው ቦታ አንግቱት። ጎንጨት ባላችሁ ጊዜም እህቴንና ያቺን የቀረቻትን አምስት እርምጃ አስቡልኝ፤ አደራ፣ አትርሱብኝ።